ተዝካራቸው ተበልቶ የተመለሱት

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ አሊ አዴና ሆልሆል ካምፕ ያላችሁ፣ ባልባላ ያላችሁ፣ ባሕር ተሻግራችሁ የሄዳችሁም ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናለሁ። መጨረሻው ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚህ ካርቲየ 7 ቢስ፣ በምንኖርበት ግቢ፣ ቡና አፍልቼ ስድስት ሆነን በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን ዘጋቢ ፊልም እናይ ነበር። ሙቀቱን የምታውቁት ነው። መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ ቬንቲላተሩ ቆሟል፤ ስልኩ ግን ባትሪ ስላለው አልተነሣንም። ፊልሙ ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ነበር።

ታሪካቸውን ለማያውቁ ወጣቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በቁጥር ጥቂት በሆኑ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሶማሊያን ሚጎች ገጠመ። ለገሠ ተፈራ ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ ነበሩ። ብዙ ሚግ ከጣሉ በኋላ እሳቸውም ተመትተው በጃንጥላ ወረዱና ተማረኩ። ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰሩ። ሲመለሱ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸለሙ።

ፊልሙ አልቆ ሁላችንም ዝም ብለን ሳለ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በግቢው «ጋሼ አስር አለቃ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውም አልፈቀዱልኝም።

«ጀግና ነው፤ ክብር ይገባዋል» አሉ። ቀጥለውም «ግን ልጄ፣ እኛም እኮ እዚያው ነበርን» አሉ።

ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ምርኮኛ እንደነበሩ አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። የ1983 ሰው መሆናቸውን እናውቃለን፤ ደርግ ሲወድቅ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ከገባው ብዙ ሺሕ ሠራዊት ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ከእሳቸው የሰማሁትንና እኔም አንብቤ ያገናዘብኩትን ነው።

ጋሼ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበሩ። ጅጅጋ መስከረም 1970 ዓ.ም. ስትወድቅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጦርነት አላዩትም። የኢትዮጵያ ጦር ከኩባና ከሶቪየት ኅብረት እርዳታ አግኝቶ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን መልሶ ያዘ። በየዓመቱ ካራማራ ብለን የምናከብረው ይህን ድል ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። እኛ ድሉን ስናከብር ጦርነቱ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለናል። «ለእኔ ያን ቀን ገና ስድስተኛ ወሬ ነበር» አሉ ጋሼ። «አሥር ዓመት ይቀረኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የ1949 (እ.ኤ.አ.) ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ስለ ጦር ምርኮኞች ነው። ኢትዮጵያም ሶማሊያም ተቀብለውታል። ምርኮኛ ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ ያለበት አራት ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የወታደር መለያ ቁጥሩን። ካምፕ በገባ ቢበዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ መያዙን የሚገልጽ ካርድ ለቤተሰቡ እንዲልክ ሊፈቀድለት ይገባል። የቀይ መስቀል ሰዎችም ሊጎበኙት ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጊያው እንዳበቃ ምርኮኛ ሳይዘገይ ይፈታ፣ ወደ አገሩም ይመለስ ይላል። የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ይጠበቅ አይልም።

ውጊያው ያበቃው የካቲት 1970 ላይ ነው። ምርኮኞቹ የተለቀቁት ነሐሴ 1980 ላይ ነው። በመካከሉ አሥር ዓመት ከስድስት ወር አለ። ይህን ጊዜ የበላው የመንግሥታት ኩርፊያ ነው። አዲስ አበባ «መጀመሪያ ድንበሬን አክብር» ትላለች፤ ሞቃዲሾ ይህን መፈረም አትፈልግም። ሁለቱም የአንዳቸውን አማፂ ያስታጥቃሉ። በዚህ መሐል ምርኮኛው የማንም አጀንዳ አልነበረም።

የመጡበት መንገድ ሲከፈት ግን የተከፈተው በእኛ ሰፈር ነው ብል አትደነቁ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥር 1978 ዓ.ም. (1986 እ.ኤ.አ.) ድርቅንና በረሃማነትን ለመከላከል ኢጋድ፣ ያኔ ሲቋቋም ኢጋድድ የተባለው ድርጅት፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ተመሠረተ። ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን አስተናጋጅ ነበሩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከጦርነቱ በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተነጋገሩት በዚያ ጉባኤ ላይ ነው። ስብሰባው የተጠራው ለዝናብና ለእህል ነበር፤ ግን የምርኮኞቹ ጉዳይ የሚነሣበት በር ከዚያ ተከፈተ።

በሩ ተከፈተ እንጂ ማንም አልወጣም። ሁለት ዓመት ደግሞ ንግግሩ ተንገራገጨ። ነገሩን የቆረጠው መጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር በኤርትራ አፋቤት ላይ የደርግ ጦር ከባድ ሽንፈት ደረሰበት፤ በሺሕ የሚቆጠር ወታደር ሞተ፣ በሺሕ የሚቆጠር ተማረከ። ከቀናት በኋላ መንግሥቱና ዚያድ ባሬ እንደገና ጅቡቲ ላይ ተገናኙ። ወሩ ሳያልቅ ስምምነቱ ተፈረመ፦ ጦራቸውን ከድንበር እንዲያርቁ፣ አንዳቸው የሌላውን አማፂ መርዳት እንዲያቆሙ፣ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት እንዲቀጥል፣ ምርኮኞችም እንዲለዋወጡ። መንግሥቱ ኦጋዴን ያለውን ጦር ወደ ሰሜን ማንሣት ፈልጎ ነበር።

እስኪ አስቡት። የጋሼ እጅ የተፈታው አፋቤት ላይ የሌሎች ወንድሞቻችን እጅ ስለታሰረ ነው። የሰሜኖቹ ምርኮኞች ደግሞ የባሰ ነበር ዕጣቸው። ደርግ ተቃዋሚዎቹን «ወንበዴ» ስለሚል፣ በወንበዴ የተማረከ ወታደር አለኝ ብሎ በይፋ ማመን አልፈለገም።

ይህን ስናወራ፣ አጠገባችን የተቀመጠች ሶማሌ ጎረቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ «የእኔስ?» አለች። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኛ አይለይም፤ የተወለደችው ግን ሐርጌሳ ነው። ያ ስምምነት ኢትዮጵያ ውስጥ ይንቀሳቀሱ የነበሩትን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች መሸሸጊያ አሳጣቸው። እነሱም ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ ገቡ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የራሱን ከተማ በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርቲሼክ ሸሸ። እሷ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው የወጣችው። ጋሼ ነሐሴ ላይ አገራቸው ሲገቡ፣ እሷ በዚያው ክረምት በዚያው ድንበር ተሰድዳ ነበር። ሁለቱም ዛሬ ከአንድ ጀበና ይጠጣሉ።

ከነሐሴ 1980 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን ወደ አገራቸው መለሰ። ጄኔራል ለገሠም በዚያው ጊዜ ነው የተመለሱት። ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪያቪሴንሲዮ የሚባለው ኩባዊ መኮንንም እንዲሁ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ፣ አብዛኛውን ለብቻው ቆይቶ፣ አገሩ ከገባ በኋላ መጽሐፍ ጽፏል። በአንጻሩ ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያ የተመለሱት ምርኮኞች በመቶዎች ብቻ ነበሩ።

ጋሼን «እንዴት ተረፉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በፊልሙ ላይ እንዳየነው ስለ ጽናት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ አገር ፍቅር የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር።

«ጽናትማ ሁሉም ነበረው» አሉ። «የሞቱትም ጽኑዎች ነበሩ። እኔ የተረፍኩት ስሜ ስለተጻፈ ነው።»

እንዲህ ነው የሆነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን የቀይ መስቀል ነጮች ከአስተርጓሚ ጋር መጥተው እያንዳንዱን ሰው ስም ጠይቀው መዘገቡ። ጋሼ ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም፣ ማዕረጋቸውን ተናገሩ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂው ሲቆጣ እንኳ አያያዙ ተለወጠ» አሉ። «ሰውዬው የተቆጠረ ዕቃ እንዳለበት ግምጃ ቤት ሆነ። አንዱ ቢጎድል 'የት ሄደ?' የሚለው አለ። ከዚያ በፊት እኮ ብንጎድልም የሚጠይቅ የለም።»

የቤተሰብ መልእክት የሚጻፍበት ወረቀትም ተሰጣቸው። የሚፈቀደው ስለ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ አይጻፍም፤ ወረቀቱም ክፍት ስለሆነ ጠባቂውም ያነበዋል። «ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሌላም የምጽፈው አልነበረኝም» አሉ።

ያ ወረቀት ቤታቸው አልደረሰም። ቤተሰባቸው ከነበረበት ቀበሌ በሰፈራ ተነሥቶ ነበር። ጋሼ 1981 መስከረም ላይ ጠይቀው ጠይቀው ቤተሰባቸውን ሲያገኙ፣ ተዝካራቸው ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሚስታቸው ሌላ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። እናታቸው ሲያዩዋቸው እልል አላሉም፤ ሸሹ። ሙት መጣ ብለው ነው። «የራሴን ተዝካር የበሉ ሰዎች እንኳን ደህና መጣህ ሊሉኝ መጡ» ብለው ጋሼ ሳቁ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም። ሚስታቸውን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱም። «ምን ታድርግ? ማንም አልነገራትም» ነው የሚሉት።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የእናቴ ወንድም በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ከዘመተው ሚሊሺያ አንዱ ነበር። የጎጃም ገበሬ ነው። ማዕረግ የለው፣ ፎቶ የለው። አልተመለሰም። በ1980 ክረምት ምርኮኞች መጡ ሲባል አያቴ ከከተማ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆማ ትጠይቅ ነበር። ዘመድ ሁሉ ተዝካሩ ይውጣ ሲላት «ሞቱን ያየ ሰው አምጡልኝና አወጣለሁ» ትላለች። እሷም በ1994 ሳታወጣ ሞተች። እናቴ ዛሬም ለወንድሟ ስለት ትሳላለች፤ ለሙት ይሁን ለሕያው አታውቅም። ልጅ ሳለሁ አያቴን ግትር ነች እል ነበር። አሁን ሳስበው በቤታችን ውስጥ ሕጉን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሰው በወሬ አይሞትም፤ የሚጠይቀው ካለ የሚመልስ ሊኖር ይገባል።

ይህ ነገር በደርግ ዘመን ያበቃ እንዳይመስላችሁ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የኦጋዴን ጦርነት አብራሪ ናቸው። በደርግ ዘመን በኤርትራ ተማርከው ከዓመታት በኋላ ነጻ ወጡ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ሚጋቸው አስመራ ላይ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። መማረካቸው በአደባባይ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሱ በይፋ የተነገረ ነገር የለም። ኤርትራ ቀይ መስቀል ምርኮኞቹን እንዲጎበኝ ሳትፈቅድ እስከ ነሐሴ 2000 (እ.ኤ.አ.) ቆየች። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ ኤርትራን በዚህ ጥፋተኛ አድርጓታል። ኢትዮጵያንም ምርኮኞችን መመለስ በማዘግየቷ ተጠያቂ አድርጓታል። ለገሠ ተመለሱ፣ በዛብህ አልተመለሱም። ሁለቱም ጀግኖች ናቸው። ልዩነቱ ድፍረት ላይ አልነበረም።

ያስጠለለችን ጅቡቲም ይህን ሕመም ታውቀዋለች። በሰኔ 2008 (እ.ኤ.አ.) ራስ ዱሜራ ላይ ከኤርትራ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ ጠፉ። ኤርትራ ምርኮኛ የለኝም ስትል ኖረች። በ2011 ሁለቱ አምልጠው ሲመጡ ነገሩ ተገለጠ። በመጋቢት 2016 በኳታር ሽምግልና አራቱ ተለቀቁ፤ ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። የቀሩትን ቤተሰቦቻቸው እስከዛሬ ይጠይቃሉ። ጅቡቲ በበኩሏ የያዘቻቸውን ኤርትራውያን ምርኮኞች ቀይ መስቀል እንዲጎበኛቸው ፈቅዳ ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር «ሰው ጠፋብኝ» ስትሉ የሚገባው ጎረቤት አላችሁ።

እኔ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘመንም ሰው ይጠፋል። በጦርነት የሚጠፋ አለ፤ በመንገድ የሚጠፋ አለ። በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ አጠገብ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ሰጥሞ ስንት ወገናችን እንዳለቀ ታስታውሳላችሁ። አገር ቤት ያሉ እናቶች ልጃቸው ሳውዲ ገብቶ ስልክ የጠፋበት ይመስላቸዋል። እኛ ደግሞ ስደተኞች ክፉ ልማድ አለን፤ ለጓደኛችን የቅጽል ስም እንጂ እውነተኛ ስሙን አንጠይቅም። «ሸገር»፣ «ዶክተር»፣ «ቀዩ» እያልን ሁለት ዓመት አብረን እንተኛለን። ሲሞት ለማን እንደምንነግር አናውቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦

አንደኛ፣ አብሮህ የሚኖረውን ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌና አንድ የቤተሰብ ስልክ ጽፈህ አስቀምጥ። የራስህንም ለእሱ ስጠው። ጉዞ የሚነሣ ካለ ሳይነግር እንዳይሄድ።

ሁለተኛ፣ ሰው የጠፋባችሁ እዚህ ያላችሁ ወደ ጅቡቲ ቀይ ጨረቃ፣ አገር ቤት ያላችሁ ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሄዳችሁ አስመዝግቡ። መቼና የት ለመጨረሻ ጊዜ እንደታየ፣ ከማን ጋር እንደነበር ያላችሁን ሁሉ ንገሩ። ቤተሰብ ማፈላለጉ በነጻ ነው። በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ ሌባ ነው።

ሦስተኛ፣ የጠፋውን ሰው ስምና ፎቶ እዚህ አስተያየት ሥር አትለጥፉ። በፎቶ «ልጅህን ይዘነዋል» እያሉ ብር የሚጠይቁ አሉ። ለእኔ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ወዴት እንደምትሄዱ እነግራችኋለሁ።

አራተኛ፣ በየቤታችሁ ያሉ አዛውንት ወታደሮችን ጠይቁ። ሳይጠየቁ አይናገሩም። እኔ ሰባት ዓመት ቡና እያጠጣሁ አልጠየቅሁም።

ያን ዓርብ ማታ መብራት ሲመጣ ሁሉም ወደየቤቱ ተነሣ። ጋሼ ግን አልተነሡም። «ደብተር አለሽ?» አሉኝ። አመጣሁ። «ጻፊ» ብለው የሁለት ሰዎች ስም እስከ አያት፣ ከነአገራቸው፣ ከነማዕረጋቸው ነገሩኝ። ሁለቱም አብረዋቸው ታስረው፣ የቀይ መስቀል ሰዎች ሳይመጡ በፊት በበሽታ የሞቱ ናቸው። ጋሼ ስማቸውን ለ40 ዓመት በላይ በየማታው ሲደግሙት ኖረዋል፤ እንዳይጠፋባቸው።

«ለማን ልንገር ብዬ ነው» አሉ። «አሁን ዕድሜዬ ሄደ። አንቺ ያዢው።»

ሁለቱንም ስሞች እሑድ ጠዋት ለሚመለከተው አስመዝግቤያለሁ። ከሁለቱ አንዱ ከጎጃም ነው። የአጎቴ ስም አይደለም። ግን የአንድ ሰው አጎት ነው።

ለአገር ቤት ወላጆች አንብቡላቸው፣ ለሚመለከተውም አጋሩት። ሰላም ሁኑ።